ኮረንቲው በየት በኩል አለፈ?

እዚህ ቻናል ላይ ስለ ኤሌክትሪክ የሚጻፈው ሁሉ ስለ መጠን ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት አልን፤ 13 ተርባይን አልን። ታሪፍ ሲጨምር ብሩን እንቆጥራለን፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን እንቆጥራለን። ጥሩ ነው፤ ቁጥር የሌለው ክርክር ጩኸት ብቻ ይሆናል። ዛሬ ግን «ስንት?» የሚለውን ትቼ «በየት በኩል?» የሚለውን ላነሳ ነው። ከሳምንቱ አጀንዳ የራቀ ርዕስ እንደሆነ አውቃለሁ። ፖለቲካ የፈለገ ሰው ከላይ ያሉት ጽሑፎች ይበቁታል፤ የቀረነው እንቀጥል።

ከቃሉ ልጀምር። ኮረንቲ የምንለው ከጣሊያንኛ የወሰድነው ቃል ነው፤ ትርጉሙም «የሚፈስ» ማለት ነው። «ኮረንቲ ጠፋ»፣ «ኮረንቲ ያዘው» ስንል ሳናውቀው ስለ ጅረት እያወራን ነው። ስሙ ጅረት ይሁን እንጂ ሲፈስ ያየው ሰው የለም። የምናየው የሠራውን ሥራ ነው፤ አምፖሉ ሲበራ፣ ምጣዱ ሲግል፣ እጃችንን ሲነዝረን። ወንዝን ቆመን እናየዋለን፤ የት ላይ እንደሚጠብ፣ የት ላይ እንደሚሰፋ፣ የትኛውን ድንጋይ ዞሮ እንደሚያልፍ እናውቃለን። ይኼኛውን ጅረት ግን ከመነሻውና ከመድረሻው ውጭ አናውቀውም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። አሁንም አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ደመወዙን የምታውቁት ነው፣ ሞባይል እጠግናለሁ። አንድ ቀን ስለ ሰርኪዩት ሳስተምር ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኮረንቲው ሽቦው ውስጥ በመሃል ነው የሚሄደው ወይስ ዳር ዳሩን?» ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን በዚያ ዓመት የሰማሁት ምርጥ ጥያቄ ይኼ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው ቀስት ነው፤ ከፖዘቲቭ ወጥቶ ወደ ነጌቲቭ የሚገባ አንድ ቀስት። ቀስት ውፍረት የለውም። ስለዚህ መሃልም ዳርም የለውም።

መለስኩላት። ሽቦው ቀጥ ያለ፣ ወጥ፣ ክብ ከሆነና ከባትሪ የሚመጣ ኮረንቲ ከሆነ፣ በመሃልም በዳርም እኩል ይፈሳል። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ወደ ዳር የመገፋት ጠባይ አለው፤ ነገር ግን መዳብ ውስጥ ይህ መገፋት የሚታየው ውፍረቱ ከ9 ሚሊሜትር ገደማ ሲያልፍ ስለሆነ የቤታችን ሽቦ ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። አላቆመችም። «ቢታጠፍስ? ውስጡ ቢሰነጠቅስ?»

ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ኮረንቲ ጥግ ላይ ሲደርስ እንደ መገናኛ የታክሲ ተሳፋሪ ነው፤ ሁሉም አጭሩን መንገድ ስለሚፈልግ በውስጠኛው ማዕዘን በኩል ይጋፋል። የውጪው ማዕዘን ባዶ ማለት ይቻላል፣ የውስጠኛው ይጨናነቃል። ስንጥቅ ካለ ደግሞ ስንጥቁን ዞሮ ለማለፍ ጫፎቹ ላይ ይታጨቃል። አምፔር መለኪያው ይህን አይነግራችሁም። የገባውና የወጣው እኩል ነው፤ 2 አምፔር ገባ፣ 2 አምፔር ወጣ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ሒሳቡ ይዘጋል፣ መሃል ላይ የሆነው ግን አይታይም። (ይህን ስታነቡ የመንግሥት በጀት ትዝ ያላችሁ ካላችሁ እኔ ምንም አላልኩም።)

መጨናነቁ ለምን ያሳስበናል? ስልካችሁ ውስጥ ያለው ቺፕ የሚያረጀው በዚሁ ምክንያት ጭምር ስለሆነ ነው። በጣም ቀጭን በሆነ የብረት መስመር ላይ ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍ፣ የኤሌክትሮኖቹ ግፊት የብረቱን አተሞች ራሳቸውን ቀስ በቀስ ይዞ ይሄዳል፤ ልክ ጎርፍ የወንዝ ዳርን እንደሚሸረሽረው። አንድ ቦታ ይጎደጉዳል፣ ሌላ ቦታ ይከምራል፤ በመጨረሻ መስመሩ ይበጠሳል። የሞቶሮላው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ሥራ የመስመሩ ዕድሜ በኮረንቲው እፍጋት ስኩዌር ልክ እንደሚያጥር አሳይቷል። እፍጋቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በአማካይ ጤነኛ የሆነ መስመር አንድ ጥግ ላይ ብቻ እጥፍ ከተጨናነቀ የሚሞተው በዚያች ጥግ ነው። አማካዩ አያድነውም።

ጥገናው ላይ እኛም የራሳችን ዘዴ አለን። ቦርዱ ሾርት ከሆነ ከመቶዎቹ ካፓሲተሮች የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ሮዚን በካውያ እናቀልጥና ጭሱን ቦርዱ ላይ እናሳርፈዋለን፤ እንደ ስስ ብናኝ ነጭ ሆኖ ይሸፍነዋል። ከዚያ ከፓወር ሰፕላይ ትንሽ ኮረንቲ እንሰጠዋለን። ሾርት የሆነችው እቃ ስትግል በላይዋ ያለው ነጭ ብናኝ ይቀልጥና እርቃኗን ትቀራለች። ሰዎች ይህን ሲያዩ አስማት ይመስላቸዋል። የሚታየው ግን ሙቀቱ ነው። ኮረንቲው የት እንደተቃጠለ እናያለን እንጂ በየት መጥቶ እዚያ እንደደረሰ አናይም። ቃጠሎውን አይቶ መንገዱን መገመት የመርማሪ ሥራ ነው፤ መርማሪ ደግሞ ይሳሳታል።

መንገዱን ራሱን ለማየት ሙቀት አይበቃም፣ ማግኔት ያስፈልጋል። ኮረንቲና ማግኔት መዛመዳቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1820 ኮፐንሃገን ውስጥ ነው፤ ሃንስ ክሪስቲያን ኧርስተድ ከባትሪ ጋር ባገናኘው ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። ኮረንቲ ባለፈበት ሁሉ ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይጥላል። ስለዚህ መስኩን ከውጭ ለክተን ውስጡን መገመት እንችላለን ማለት ነው። እንችላለን?

ሁልጊዜ አንችልም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ርዕስ ውስጥ በጣም የሚገርመኝ ነው። አንድ ድፍን ክብ ሽቦና አንድ ባዶ ቱቦ፣ ሁለቱም 5 አምፔር ቢይዙ፣ ከውጭ ሆኖ ለሚለካ ሰው መስካቸው ፍጹም አንድ ነው። በምንም ዓይነት የተራቀቀ መሣሪያ ከውጭ ለክታችሁ «ይኼ ድፍን ነው፣ ያኛው ክፍት ነው» ማለት አትችሉም። ችግሩ ያለው መሣሪያው ላይ አይደለም፤ መረጃው ራሱ ወደ ውጭ አይወጣም። የተማሪዬ ጥያቄ «መሃል ወይስ ዳር?» የሚለው፣ ወፍራም ሽቦ ላይ ከውጭ በሚለካ ማግኔት ጨርሶ መልስ የለውም።

ስስ ሽፋን ላይ ግን መልስ አለው። ኮረንቲው ወደ ላይና ወደ ታች መደበቂያ ስለሌለው፣ ወደ ግራና ቀኝ ብቻ መሄድ ስለሚችል፣ አንድ የመስክ ካርታ የሚስማማው ለአንድ የኮረንቲ ካርታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮት፣ ሴፑልቬዳ እና ዊክስዎ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ይህን በሒሳብ አስቀምጠውታል፤ ካርታውን ወደ ኋላ መልሶ የማስላት መንገዱንም ጭምር። ስለ ስስ ሽፋን ይህን ያህል የሚወራው ቺፕ ከስስ ሽፋን ስለሚሠራ ብቻ አይደለም፤ ስስ ነገር ምስጢር መደበቅ ስለማይችልም ነው።

አሁን ወደ ጥለቱ እንምጣ። ጥለት ስል የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ታስቧችሁ ከሆነ አልተሳሳታችሁም፤ ፈረንጆቹ የሚጠቀሙበት ቃልም የጨርቅ ሸካራነትንና አሠራርን የሚያስታውስ ነው። ብረት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ አይቆሙም። ፈረንሳዊው ፒየር ቫይስ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደገመተው ብረቱ በክልል በክልል የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ክልል ሁሉም ወደ ላይ፣ በጎረቤቱ ሁሉም ወደ ታች። ክልል ስል ፖለቲካ እያወራሁ አይደለም፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ስላጣሁ ነው። እንደ ሌላውም ክልል ሁሉ ጉዳዩ ያለው ድንበሩ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ድንበር ላይ ማግኔቶቹ ቀስ በቀስ እየተገለበጡ ይሄዳሉ። ድንበሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ አንዳንዴ ዞሮ ራሱን ይገጥምና ክብ ይሆናል። ፍራንሲስ ቢተር እ.ኤ.አ. በ1931 እጅግ የደቀቀ የብረት ዱቄት በፈሳሽ በጥብጦ ማግኔት ላይ ሲያፈስ ዱቄቱ ድንበሮቹ ላይ ተሰበሰበ። የእኛ የሮዚን ብናኝ ዘመድ ነው።

ያለ ዱቄት ማየት የተቻለው በብርሃን ነው። ጆን ኬር የሚባል የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ሥራ፣ በተወለወለ የማግኔት ጫፍ ላይ አርፎ የሚመለስ ብርሃን የሞገዱ አቅጣጫ በጣም በትንሹ እንደሚዞር አሳየ። ኬር ግላስጎው ውስጥ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነበር። ይህን ሳነብ ደስ ማለቱን አልደብቅም። ዛሬ የኬር ማይክሮስኮፕ የሚባለው በዚህ የሚሠራ ነው፤ ወደ ላይ የቆመው ክልል ነጭ፣ ወደ ታች የቆመው ጥቁር ሆኖ ይታያል። የተጠላለፈው ምስል በእውነትም ጥለት ይመስላል።

ኮረንቲን በማግኔት ጥለት የማየት ሥራ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጥለቱን እንደ መስታወት መጠቀም ነው፤ ቢስሙዝ የተጨመረበት የጋርኔት ስስ ሽፋን በምንመረምረው ነገር ላይ ይቀመጣል፣ ከሥሩ ያለው ኮረንቲ የሚጥለው መስክ ሽፋኑን ይለውጠዋል፣ እኛ ከላይ በብርሃን እናየዋለን። ሱፐርኮንዳክተር ላይ ኮረንቲው የትኛውን እንከን ዞሮ እንደሚያልፍ በዚህ ይታያል። ጠቃሚ ነው፣ ብዙም አልቆይበትም።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ይማርካል፤ ጥለቱ ራሱ ኮረንቲው በሚያልፍበት ሽፋን ውስጥ ይኖራል፣ ኮረንቲውም ይገፋዋል። ቅጠል ወንዝ ላይ ጥሎ የውሃውን አካሄድ እንደማየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ በሚገኘው የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚሠሩት ዋንጁን ጂያንግ፣ አክሰል ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው ያሳዩት ይህን ነው። ከሥር 5 ናኖሜትር ታንታለም፣ በላዩ 1 ናኖሜትር ገደማ የኮባልት፣ የብረትና የቦሮን ቅልቅል፣ ከላይ የታንታለም ኦክሳይድ። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ሽፋን ሁለት ሰፊ ሜዳዎች በአንዲት ጠባብ በር የሚገናኙበት ቅርጽ አድርገው ቆረጡት። ኮረንቲው ከአንዱ ሜዳ ተሰብስቦ በበሩ ይገባል፣ ከበሩ ሲወጣ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል።

ማግኔቶቹን የሚገፋው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ይህን ጠባዩን ስፒን ይሉታል። እንደ ታንታለም ባለ ከባድ ብረት ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ስፒናቸው በአንድ በኩል የሆነው ወደ ላይኛው ገጽ፣ ተቃራኒው ወደ ታችኛው ይሸሻሉ። ዲያኮኖቭና ፔሬል የተባሉ የሶቪየት ፊዚክስ ሊቃውንት ይህን እ.ኤ.አ. በ1971 በወረቀት ተንብየውት ነበር። ከላይ የተከማቹት ስፒኖች በላያቸው ያለውን መግነጢሳዊ ሽፋን ይነካኩታል፤ ድንበሮቹም ይገፋሉ። የሚገፉት ግን ኮረንቲው ድንበሩን ሲቆርጠው ብቻ ነው። ድንበሩ ከኮረንቲው ጋር ትይዩ ከሆነ ምንም አይሆንም።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሁሉንም የምትፈታው እሷ ናት። በበሩ ውስጥ አንድ ረጅም ጥቁር መስመር ተጋድሟል እንበል፤ ጎኖቹ ከኮረንቲው ጋር ትይዩ ስለሆኑ አይነኩም፣ የሚገፋው ጫፉ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ይለጠጣል። ጫፉ ከበሩ ወጥቶ ሰፊው ሜዳ ላይ ሲደርስ ኮረንቲው ወደ ጎንና ጎን እየተዘረጋ ነው። አሁን ጎኖቹም ይገፋሉ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ጫፉ ያብጣል፣ አንገቱ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል፤ አንዲት ክብ አረፋ ወጥታ ትሄዳለች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ልጆች ሳሙና በቀለበት አድርገው ሲነፉ የሚሆነው ነው፤ ተመራማሪዎቹም የጽሑፋቸውን ርዕስ ያወጡት ከዚሁ ነው። አረፋዎቹ ስኪርሚዮን ይባላሉ፤ ስሙ ከእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቶኒ ስከርም የመጣ ነው። ስፋታቸው አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ የሚኖሩትም በተራ የክፍል ሙቀት ነው።

እስቲ ምን እንደታየ አስቡት። መስመሩ ያበጠበት ቦታ ኮረንቲው የተዘረጋበት ቦታ ነው። ኮረንቲው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ የሚበተንበት ላይ አረፋ ይሆናል። ለተማሪዎቼ በጠመኔ የምስለው ቀስት፣ እዚህ ራሱን በራሱ ሳለ።

የኮረንቲው ብርታት ያስፈራል። እፍጋቱ በካሬ ሴንቲሜትር እስከ መቶ ሺህ አምፔር ገደማ ይደርሳል። የቤታችሁ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 20 አምፔር ሲይዝ 800 አምፔር በካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ከመቶ እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ለምን አይቀልጥም? ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ። ስፋቱ 10 ማይክሮሜትር፣ ውፍረቱ 6 ናኖሜትር በሆነ መስመር ውስጥ ያ ሁሉ እፍጋት ተደምሮ 60 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። ሙቀቱም ወዲያው ወደ ታችኛው ድጋፍ ይሰርጋል።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር፤ አረፋ እንልካለን፣ ኮረንቲው ያለበትን ያሳየናል፣ አበቃ። ግን አረፋዎቹ ንጹሕ ምስክር አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ ይኸው የጂያንግ፣ ሌላው የካይ ሊትሲዩስና ባልደረቦቹ፣ ስኪርሚዮን በኮረንቲው መስመር ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ አሳዩ። ወደ ጎን ያዘነብላል። ኳስ ላይ ፋልሶ ሲሰጡት እንደሚታጠፈው ነው፤ በውስጡ ያሉት ማግኔቶች የተጠማዘዙበት አኳኋን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ጥምዝምዙ ከተገለበጠ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። ማዘንበሉ ደግሞ ቋሚ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ሲፈጥን ይጨምራል፣ ሲዘገይ ይቀንሳል። በጣም ሲዘገይ ሽፋኑ ላይ ያሉ ጥቃቅን እንከኖች እየያዙ ስለሚለቁት የሚሄድበትን የሚወስነው ኮረንቲው ሳይሆን እንከኑ ይሆናል።

እና ጥለቱ ምንም አያሳይም ማለት ነው? አይደለም። ምስክሩ የሚያዘነብልበትን ልክ ካወቅነው ቃሉን ማረም እንችላለን። ፍጥነቱን እንለካለን፣ ኮረንቲውን ወደ ኋላ አዙረን እንደገና እንለካለን፣ ጥምዝምዙን ገልብጠን ደግሞ እንለካለን፤ ሦስቱን አስተያይተን የማዘንበሉን ድርሻ እንቀንሳለን። ዜና የምንሰማበትን መንገድ ከዚህ ጋር ማወዳደር ይቻል ነበር። ይህ ቻናል ላይ አንድ ምንጭ ያዘነብላል ሲባል ሁለት ጎራ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ጨርሶ አታንብቡት ይላል፣ ሌላው ጨርሶ አያዘነብልም ይላል። በስንት ዲግሪ እንደሆነ የጠየቀ ግን እስካሁን አላየሁም።

ሁልጊዜ የሚመጣውን ጥያቄ አሁን እሰማዋለሁ፤ «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚለውን። ጥያቄውን አልንቀውም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ተቀምጦ ስለ ናኖሜትር ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን እዚያ ሽፋን ሥር ያለው ታንታለም ነው፤ ታንታለም ደግሞ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጉጂ ዞን ቀንጢቻ ላይ ለዓመታት ወጥቶ ወደ ውጭ ተልኳል። ከዚህ ተነስቶ «ጥሬ ዕቃ ልከን…» የሚለውን የታወቀ ልቅሶ ማልቀስ ይቻላል፤ እኔ ግን ልቅሶው የተሳሳተ ቦታ ላይ ያለ ይመስለኛል። አስሉት፤ የታንታለም ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 16.6 ግራም ነው። 1 ኪሎ ታንታለም 5 ናኖሜትር ውፍረት ሆኖ ቢነጠፍ 12,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። የዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ለዚህ ምርምር የሚፈልጉት ታንታለም በአንድ ዘንቢል ሳይገባ አይቀርም። ማዕድን አልጎደለንም። የጎደለን አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ አተም በአተም የሚነጠፍበት ክፍል፣ ክፍሉን ዓመቱን ሙሉ የሚያንቀሳቅስ ቴክኒሺያን፣ ቴክኒሺያኑም ሥራ እንዳይለቅ የሚከፈለው ደመወዝ ነው። ስለ ማዕድን ቁጭት ስንት ጽሑፍ አነበብኩ፤ ስለ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ደመወዝ ግን አንድም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የምታስፈልገዋ «መሃል ወይስ ዳር?» ብላ የጠየቀችው ልጅ ናት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ጉድ አለ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉም ሲባል ነበር፤ ጦርነቱ፣ ኩረጃው፣ የመምህሩ ኑሮ። እኔ ከክፍሌ ሆኜ የማየውን አንድ ብቻ ልጨምር። ልጆቹ የኮረንቲን ቀመር ከእኔ በተሻለ ፍጥነት ይሠሩታል፤ ኮረንቲ ያለፈበትን አንድም ምልክት ግን በዓይናቸው አላዩም። ያላዩትን ነገር በአራት ምርጫ እንጠይቃቸዋለን። የኬር ማይክሮስኮፕ ለትምህርት ቤት ይገዛ የምል ሞኝ አይደለሁም። ኧርስተድ ያየውን ለማየት ግን የሚያስፈልገው አብዛኞቻችሁ ኪስ ውስጥ አለ።

ኮምፓስ ያለው ስልክ ሁሉ ውስጡ የማግኔት መለኪያ አለው፤ መስኩን በማይክሮቴስላ በሦስቱም አቅጣጫ ለየብቻ የሚያሳዩ ነፃ አፖች ሞልተዋል። የሶኬት ኮረንቲ እንዳትነኩ፤ አደገኛ ከመሆኑም በላይ እየተመላለሰ ስለሚጣፋ ለዚህ አይሆንም። የመኪና ባትሪ፣ የፊት መብራት አምፖልና ሁለት ሜትር ሽቦ በቂ ነው። 55 ዋት አምፖል ከ12 ቮልት 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። መሄጃውንና መመለሻውን ሽቦ አራርቁ፤ አንድ ላይ ከሆኑ የአንዱን መስክ ሌላው ያጠፋዋል፤ የቻርጀር ገመድ ላይ ሞክራችሁ ምንም ያላያችሁት ለዚህ ነው። አንዱን ሽቦ ከሰሜን ወደ ደቡብ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት፣ ስልኩን በላዩ በመጽሐፍ ከፍ አድርጉት። አምፖሉ ሳይበራ አንብቡ፤ አዲስ አበባ ላይ የመሬት ማግኔት ብቻውን 35 ማይክሮቴስላ አካባቢ ያሳያል። አብሩትና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ባለው አቅጣጫ ላይ የጨመረውን ጻፉ። 5 ሴንቲሜትር ላይ 18 ገደማ፣ 10 ሴንቲሜትር ላይ 9 ገደማ ማግኘት አለባችሁ። ርቀቱ የሚለካው ከስልኩ ጠርዝ ሳይሆን መለኪያው ካለበት ነው፤ የወረቀት መርፌ ስልኩ ላይ እያንቀሳቀሳችሁ ቁጥሩ በጣም የሚዘለው የት እንደሆነ ፈልጉ። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ቁጥሩ በግማሽ ካልወረደ መመለሻው ሽቦ ቀርቧል ማለት ነው፤ ገፋ አድርጉትና ድገሙት።